ትንኝ ስንል የትኛዋን ነው?

የተከበራችሁ የከተማችን የጎንደር ነዋሪዎች፣ ወላጆች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ተማሪዎቼ፤ እንደምን አመሻችሁ!

ትናንት ቡሄ ነበር። ሙልሙሉ ገና ከየቤቱ አላለቀም። እኔ ደግሞ ዛሬ ነሐሴ 14 ስለ ትንኝ ላወራችሁ እዚህ ቆሜያለሁ። ቀኑን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። የዓለም የትንኝ ቀን የሚባለው ዛሬ ነው። አዎ፣ ትንኝም ቀን አላት። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ቀኑ የተያዘው በሮናልድ ሮስ ምክንያት ነው። ሮስ በእንግሊዝ ጦር ሥር ሕንድ ውስጥ ያገለግል የነበረ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1897፣ ኦገስት 20 ቀን፣ ሰከንደራባድ በምትባል ከተማ የአንዲት ትንኝ ሆድ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የወባን ተሕዋስ አገኘ። ፈረንሳዊው ላቬራን ተሕዋሱን በሰው ደም ውስጥ ካየው 17 ዓመት አልፎ ነበር። ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ግን ያረጋገጠ አልነበረም። ጣሊያኖች በሽታውን «ማላሪያ» ያሉት ክፉ አየር ሲሉ ነው። እኛስ ብንሆን? «የቆላ አየር አይስማማም» ስንል አይደል የኖርነው።

ከሮስ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ሰውየው ሁለት ዓመት ያህል የሌላ ዓይነት ትንኝ ሲቀድ ነው የከረመው። ሐኪም እንጂ የነፍሳት አዋቂ አልነበረም። «ግራጫዋ»፣ «ቡናማዋ» እያለ በመልክ ነበር የሚለያቸው። የታመመ ሰው እንዲነክሱ ያደርጋል፤ ከዚያ ሆዳቸውን ከፍቶ ያያል። ምንም የለም። እንደገና ይሞክራል። አሁንም የለም። መጨረሻ ላይ ክንፏ ዝንጉርጉር የሆነች አንዲት ዓይነት መጣችለት። ስሟን እንኳ አላወቀም፤ «ዝንጉርጉር ክንፏ» ብሎ ነው የጻፈው። አኖፌለስ የምትባለው እሷ ናት። በ1902 የኖቤል ሽልማት አስገኘችለት።

በነገራችን ላይ አኖፌለስ የሚለውን ስም ያወጣላት ሜይገን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በ1818። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «የማትረባ» ማለት ነው። ከትንኝ ሁሉ የባሰች ገዳይ መሆኗን በምን ይወቅ! ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ ይቺን ግን መልአኩ ረስቷታል መሰለኝ።

አሁን ወደ እኛው ቤት እንምጣ። እኛ ትንኝ የምንለው ስንት ነገር ነው? ጠላው ላይ የምታንዣብበው ትንኝ ናት። የበሰለ ማንጎ የምትወረው ትንኝ ናት። መንገድ ላይ ዓይናችን ውስጥ ዘው የምትለው ትንኝ ናት። ወንጌሉ ፈሪሳውያንን «ትንኝን የምታጠሩ» ሲላቸው መጠጥ ውስጥ የወደቀችውን ነው። ሰው ስንንቅም «ሂድ ወዲያ፣ ትንኝ!» እንላለን። ከዚያ ቢምቢ አለች፤ ማታ ጆሯችን ሥር የምታፏጨው። ብዙ ሰው ቢምቢ ሌላ፣ የወባ ትንኝ ሌላ ይመስለዋል። ስሙን ግን ለሁለቱም ሲጠቀም ትሰሙታላችሁ።

ወባ የሚለው ደግሞ ብሶበታል። «ወባ ያዘኝ» ስንል በሽታው ነው። «እዚያ ሰፈር ወባ አለ» ስንል ትንኟ ነው ተሕዋሱ? ሁለቱም ነው። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ «ንዳድ» ይላሉ። ንዳድ የሚነድ ትኩሳት ሁሉ ነው፤ ከወባም ይምጣ ከሌላ ግድ የለውም። ለኑሮ ይህ አይከፋም። ጎረቤት ሲጠይቅህ «ንዳድ ነው» ብለህ ትገላገላለህ። ለሕክምና ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል።

ለምን እንደሆነ መተማ ወርደን እንየው። ከዚህ ከተማና ከዙሪያው ገጠር ክረምት በመጣ ቁጥር ስንት ወጣት ለአረም፣ ከዚያም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፣ ግራር ሥር ይተኛል። ሲመለስ ምን ነከሰህ ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ትንኝ»።

የትኛዋ ትንኝ? እዚያ አገር ቢያንስ ሦስት አሉ። አንዷ የወባዋ ናት። ረጋ ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጠራ ያለ ውኃ ትወዳለች። የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ ይበቃታል። የምትነክሰው ማታ ነው። የምትነክሰውም ሴቷ ብቻ ናት፤ እናቶች አትቀየሙኝ፣ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። ወንዱ የአበባ ማር ልሶ ያድራል።

ሁለተኛዋ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ናት። ከእውነተኛዋ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ድምፅ የላትም። ብዙም አትበርም፣ ዘለል ዘለል ትላለች። ውኃ ውስጥ አትራባም። በመረሬው አፈር ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራሩ ሥር ነው ኑሮዋ። የተራ አጎበር ቀዳዳ አያግዳትም፤ ሾልካ ትገባለች። የምታመጣው ካላዛርን ነው። ሰውየው ሳምንታት ሙሉ ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። የወባ መድኃኒት ምንም አያደርገውም።

ሦስተኛዋ ጥቁር ዝንብ ናት። እሷ ደግሞ በተቃራኒው የሚገሰግስ ወንዝ ነው የምትፈልገው። ቀን ነው የምትነክሰው። ኦንኮ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ቆዳን ያሳክካል፣ ሲከርም ዓይን ያሳውራል።

አያችሁ? አንዷ ኩሬ፣ አንዷ የአፈር ስንጥቅ፣ አንዷ ፈሳሽ ወንዝ። ኩሬ ብትደፍኑ የአሸዋ ዝንቧ ምን ገዷት! ያ ልጅ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ «ትንኝ ነከሰኝ፣ ያተኩሰኛል» ነው የሚለው። የደም ምርመራው ወባ የለም ይላል። ታይፎይድ ነው ይባልና ኪኒን ይዞ ይመለሳል። ትኩሳቱ አይለቀውም። ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። በዚህ መሀል ወር ያልፋል። ይህን በሰፈሬም፣ በተማሪዎቼ ወንድሞችም ላይ አይቻለሁ። የሚያናድደው ደግሞ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መኖሩ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ከቆላ ሲመለስና ሲያተኩሰው፣ ሐኪሙ ፊት መጀመሪያ የሚናገረው የነከሰችውን ሳይሆን የከረመበትን ይሁን። የት ከረመ? ስንት ወር? ሜዳ ላይ ነው ያደረው፣ ግራር ሥር? ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ሆነው? ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ እናንተ ተናገሩ። ወባም ተገኝቶበት ከሆነ ዓይነቱን ጠይቁ፤ ፋልሲፓረም ነው ቫይቫክስ? ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ያኔ ሰው «አዲስ ወባ ያዘኝ» ይላል። አሮጌው ነው የተመለሰው።

ጎንደር ለዚህ ወሬ ባዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተመታ። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ በ1954 የተከፈተበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያን፣ የማኅበረሰብ ነርስ የሚባሉት የወጡት ከዚያ ነው። ቆላ ድባ ወርደው ነበር የሚለማመዱት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ብለን የምንኮራበት ግቢ መነሻው ይሄ ነው። ሐውልት የሚሠራ ሰው ቢኖር አንዱን ጥግ ለትንኝ ይተውላት ባይ ነኝ።

ከዚያ በ1958 የባሰው መጣ። ዝናቡም ሙቀቱም ከልክ አለፈ። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ መንደሮች ድረስ ወጣች። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ደጋው ሰው በሽታውን ለምዶት ስላልነበር አቅም አልነበረውም። እኛ ደገኞች ደህና የምንሆነው በብርዱ ነው። ፋልሲፓረም ትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቆማል። ሙቀቱ ከጨመረ ግን ጥበቃው ይላላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ዓይነት አለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በፈረንጆቹ 2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ይቺ ገጠር አትፈልግም። የከተማ ልጅ ናት፤ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትራባለች። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ ሮቶና በርሜል የሌለው ቤት የቱ ነው? ክዳኑን ክደኑት። ውኃውን ቶሎ ቶሎ ለውጡት፤ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ሲሞቅ ሳምንት ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

በቃኝ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብልቃጥ ተቀምጧል። በአንዱ ከቦይ የተቀዳ ቆሻሻ ውኃ፣ በሌላው ከደምቢያ የመጣ የኩሬ ውኃ አለ። በሁለቱም ውስጥ እጮች ይዋኛሉ። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉት ኩሌክስ የምትባለው ቢምቢ ልጆች ናቸው። ውኃው ላይ ጋደም ብለው የሚንሳፈፉት አኖፌለስ ናቸው። የትኛው ብልቃጥ የትኛዋ እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ልጆቹ ቀድመው ይዩና ይንገሩን። ብልቃጦቹን ግን አትክፈቱ፣ አደራ!

አመሰግናለሁ።