የእሑድ አደን እገዳ መነሣት፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ፔንሲልቬንያ ለ152 ዓመታት ጸንቶ የቆየውን የእሑድ አደን እገዳ ማንሣቷን በዝግጅታችን ካነሣን በኋላ፣ ከአድማጮች የመጡት ጥያቄዎች ከተመደበልን ሰዓት በላይ ሆኑ። በስልክ በአጭሩ የመለስኳቸውንና ጊዜ ያልበቃቸውን እዚህ በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ አቅርቤያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የደወሉ እናት፦ “እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቼን ይዤ ጫካ እወጣለሁ። ባለፈው ኖቬምበር የጥይት ድምፅ ሰምተን ደንግጠን ተመለስን። እሑድ ማደን የተከለከለ መስሎኝ ነበር፤ ሕጉ ምን ይላል?”

እኅቴ፣ ቀድሞ ያውቁት የነበረው ትክክል ነበር። ቨርጂንያ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር እሑድን ለአደን ዘግታ የኖረች ግዛት ነበረች። በ2014 ግን የባለ መሬቱን የጽሑፍ ፈቃድ ለያዘ አዳኝ በግል መሬት ላይ ፈቀደች፤ በ2022 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ የሕዝብ መሬትንም እንዲጨምር ሆነ። ስለዚህ የሰሙት ተኩስ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እሑድን የሚመለከቱ ሁለት ገደቦች አልተነሡም፤ አንደኛው ከአምልኮ ቤት በ200 ያርድ፣ ማለትም በ183 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ማደንን የሚከለክለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አጋዘንንና ድብን በውሻ ማሳደድን የሚከለክለው ነው። ውሻ የመሬት ወሰን አያውቅምና ይህ ሁለተኛው ገደብ ለጎረቤት ሰላም ትልቅ ፋይዳ አለው።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ዋናው ነገር የቦታ ምርጫ ነው። “ብሔራዊ ፓርክ” እና “ብሔራዊ ደን” ሲጠሩ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም በአደን ረገድ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በየትኛውም ቀን ማደን ክልክል ነው፤ ከእርሱ ብዙም በማይርቀው የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ውስጥ ግን በወቅቱ አደን ይካሄዳል። የአጋዘን አደን በሚጠናበት ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ባለው ጊዜ ወደ ደኑ የሚሄዱ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያና ሰደርያ ያልብሱ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፦ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጡ በነጠላ ወደ ጫካ አይግቡ። በዚህ አገር የሚታደነው አጋዘን ሲደነግጥ ጅራቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ የጅራቱ ውስጠኛ ክፍል ነጭ በመሆኑም አዳኝ ከሩቅ የሚጠብቀው ያንን ነጭ ብልጭታ ነው። በዛፎች መካከል ውል የሚል ነጭ ነጠላ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ አባት፦ “አባቶች ሰንበትን ለማክበር የሠሩትን ሕግ ማፍረስ ለምን አስፈለገ? ስድስት ቀን አይበቃቸውም ወይ?”

አባቴ፣ ጥያቄዎ የክርክሩን ሥር ይነካልና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የእሑድ ሕጎች መነሻ ሃይማኖታዊ መሆኑን የሚክድ የለም። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ321 ባወጣው ዐዋጅ ዳኞችና የከተማ ሰዎች በእሑድ እንዲያርፉ አዝዞ ነበር፤ ያም ሆኖ ገበሬዎች የዘር ወቅት እንዳያልፍባቸው በእርሻቸው እንዲሠሩ ፈቅዶላቸዋል። ወደ አሜሪካ የገቡት የፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች ሕጎች ከዚህ የጠበቁ ነበሩ። በየዘመኑ ግን አንድ በአንድ ላሉ። በፔንሲልቬንያ የቤዝቦል ቡድኖች በእሑድ እንዲጫወቱ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የፈቀደው በ1933 ነው፤ የአደኑ እገዳ ግን ከዚያ በኋላ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆየ። ዛሬም ቢሆን በዚያ ግዛት የመኪና ሻጮች እሑድ መኪና አይሸጡም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961፣ ከእርስዎ ግዛት ከሜሪላንድ በመጣ ክርክር፣ የእሑድ ሕጎች መነሻቸው ሃይማኖት ቢሆንም ዓላማቸው አሁን ለሁሉም የጋራ የዕረፍት ቀን መስጠት በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን አይጥሱም ሲል ወስኗል። ይህ ውሳኔ ሁለት ነገር ይነግረናል። ግዛቶች እገዳውን ማቆየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ማቆየት ያለባቸው ለዕረፍትና ለጸጥታ ሲሉ እንጂ የአንዱን ሃይማኖት ሰንበት ለማስከበር ሲሉ አይደለም። በዚያው ዓመት ቅዳሜን የሚያከብሩ የፊላዴልፊያ አይሁዳውያን ነጋዴዎች የእሑዱ ሕግ በሳምንት ሁለት ቀን እንድንዘጋ አስገድዶናል ብለው ያቀረቡት አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም። የእነርሱን ቅሬታ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በተሻለ የምንረዳው ይመስለኛል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ ቀዳሚት ሰንበትም እሑድ ሰንበትም እንዲከበሩ ተወስኖ የረጅም ጊዜ ክርክር እንዲበርድ የተደረገው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ በአሜሪካ ቅዳሜን በአምልኮ የሚያሳልፍ አድቬንቲስት ወይም አይሁዳዊ አዳኝ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ላይ ከዋለ፣ የእሑድ እገዳ ባለበት ግዛት አንድም ነጻ ቀን አይኖረውም። “ስድስት ቀን አይበቃም ወይ” የሚለው አነጋገር እውነቱን የማያሳየው ለዚህ ነው፤ ለሠራተኛና ለተማሪ የነበረው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ሰንበትን ማክበር የምእመኑ ግዴታ ነው፤ እገዳው በመነሣቱም ማንም በእሑድ እንዲያድን አልተገደደም። እኔን የሚያሳስበኝ በሕዝብ መሬት ላይ ጸጥታ ፈልጎ የሚወጣው ሰው ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከሮም የጻፉልን አድማጭ፦ “እዚህ ጣልያን አደን የሚከለከለው ማክሰኞና ዓርብ ነው። አሜሪካኖች ለምን ቀኑን አይቀይሩትም?”

የጣልያን የ1992 ሕግ እንደሚሉት ማክሰኞንና ዓርብን ለአደን ዝግ አድርጓል። እነዚያ ቀኖች ግን በዋናነት እፎይታ የሚሰጡት ለእንስሳቱ ነው፤ በሥራ ቀን ጫካ የሚገባ ሰው ጥቂት ነውና። በእሑድ ክርክር ውስጥ ከአዳኙ ፊት ለፊት የቆመው በዚያው ቀን የሚወጣው ተጓዥ፣ ፈረስ ጋላቢና ወፍ ተመልካች ነው። በእኔ እምነት በግል መሬት ላይ የባለቤቱ ፈቃድ ካለ መንግሥት በቀኑ ጣልቃ የሚገባበት በቂ ምክንያት የለም። የሕዝብ መሬት ግን የሁሉም ስለሆነ፣ በአደን ወቅት ውስጥም ቢሆን የተወሰኑ እሑዶች ወይም የተወሰኑ ደኖች ለማያድነው ሰው ሊተዉለት ይገባል። ይህን ሳልል ባልፍ ለእነዚያ ከአሌክሳንድሪያ ለደወሉት እናት ያልታመንኩ ይሆናል።

በላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ አካባቢ አነስተኛ እርሻ ያላቸው አድማጭ፦ “ሕጉ ስለተለወጠ እሑድ እሑድ ማንም መጥቶ መሬቴ ላይ ሊያድን ነው? እስካሁን ቢያንስ አንድ ቀን እፎይ እል ነበር።”

አይችልም፤ ይህንንም በሚገባ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። በፔንሲልቬንያ እሑድ በግል መሬት ላይ የሚያድን ሰው የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። በቃል “ግባ” መባሉ አይበቃውም። ይህ ግዴታ የመጣው ሦስት እሑዶችን ብቻ ለአደን ከከፈተው ከ2019ኙ ሕግ ጋር ነው፤ ያው ሕግ ያለ ፈቃድ ገብቶ ማደንን የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኖች ሌላ ጥፋት እስኪያገኙ ሳይጠብቁ በራሱ ሊከሱበት የሚችሉት ጥፋት አድርጎታል። በተጨማሪም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰው ከሚኖርበት ቤት ወይም ከእርሻ ሕንጻ በ150 ያርድ ውስጥ በጠመንጃ ማደን በየትኛውም ቀን የተከለከለ ነው። ወሰንዎን ለማስታወቅ ከፈለጉ በዛፎች ወይም በአጥር እንጨቶች ላይ ሐምራዊ ቀለም መቀባት በግዛቱ ሕግ “አትግባ” ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ይቆጠራል፤ የቀለሙን ቁመትና ርቀት ግን ሕጉ ስለሚወስን ከመቀባትዎ በፊት ይጠይቁ።

የግዛቱ የገበሬዎች ማኅበር ለረጅም ዘመን እገዳውን ሲደግፍ የኖረው ልክ እርስዎ ባነሡት ምክንያት ነበር። ሆኖም አጋዘን በበቆሎና በአኩሪ አተር ላይ የሚያደርሰው ጥፋት እየከበደ ሲሄድ፣ በመሬት መብት ላይ የሚፈልገውን ጥበቃም ሲያገኝ፣ በመጨረሻ ተቃውሞውን ትቷል። አገረ ገዥው ጆሽ ሻፒሮ በጁላይ 2025 የፈረሙት ሕግ የትኞቹ እሑዶች እንደሚከፈቱ የመወሰኑን ሥልጣን ለግዛቱ የአደን ኮሚሽን ሰጠ፤ ኮሚሽኑም ለዚያ ዓመት ከሴፕቴምበር 14 እስከ ዲሴምበር 7 ያሉትን 13 እሑዶች ከፈተ። እርስዎ የእሑድ ዕረፍትዎን ለማቆየት ማድረግ ያለብዎት ፈቃድ አለመስጠት ብቻ ነው። መስጠት ከፈለጉም ለማን፣ ለየትኛው እሑድና ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይጻፉት።

ከፊላዴልፊያ የደወለ ወጣት፦ “እኔ ራሴ አዳኝ ነኝ፤ ግን አንድ ቀን ሲጨመር እንስሳቱ አያልቁም? ዳክዬስ ለምን እሑድ አልተፈቀደም?”

የአጋዘን ቁጥር የሚጠበቀው በቀን ቆጠራ ብቻ አይደለም። በፔንሲልቬንያ አንድ አዳኝ በዓመት የሚገድለው ባለ ቀንድ ወንድ አጋዘን አንድ ብቻ ነው፤ የሴቶቹም ቁጥር በየአካባቢው በሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት ብዛት ይወሰናል። ስለዚህ እሑድ ሲጨመር ሥራ የሚበዛበት ሰው ዕድሉ ይሰፋል እንጂ ገደቡ አይነሣም። ግዛቶቹ እገዳውን ለማንሣት የገፋፋቸው ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከአደን ፈቃድ ሽያጭና በ1937ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው ቀረጥ ነው። አዳኝ ሲቀንስ የጥበቃው በጀት አብሮ ይመነምናል።

የዳክዬው ነገር ለየት ይላል። እንደ ዳክዬ ያሉ ተሻጋሪ አእዋፍ፣ ማለትም በየወቅቱ ከአገር ወደ አገር የሚበርሩት፣ ከካናዳ ጋር በተደረገ ስምምነት ሥር ስለሆኑ የአደናቸው ወቅት የቀን ጣሪያ የሚወጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። እሑድን በሕግ የሚዘጉ የምሥራቅ ጠረፍ ግዛቶች ለጠፋባቸው እሑድ ምትክ ቀን ይሰጣቸው ነበርና፣ እሑድን ቢከፍቱ ያ ምትክ ይቀርባቸዋል። ፔንሲልቬንያ በአዲሱ ሕግ ተሻጋሪ አእዋፍን የተወችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፖርትላንድ፣ ሜን የደወሉ አድማጭ፦ “እኛ ዘንድ ለምን አልተነሣም?”

እስከ 2025 ድረስ ሙሉ እገዳውን የያዙት ሜንና ማሳቹሴትስ ነበሩ። በሜን ጉዳዩን የሚወስነው የመሬት ልማድ ነው። የግዛቱ ደን በአብዛኛው የግል ሲሆን፣ “አትግባ” የሚል ምልክት ያልተለጠፈበት መሬት ግን ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መቆጠሩ የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ባለ መሬቶች እሑድ ከተከፈተ ሳምንቱን ሙሉ እንዘጋለን ይላሉ፤ ይህ ከሆነ አዳኙ አንድ ቀን አግኝቶ ስድስቱን ያጣል። በ2021 የሜን ሕዝብ የምግብ መብትን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ካካተተ በኋላ፣ ይህን መብት ይዘው እገዳውን የተቃወሙ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በማርች 2024 ክርክራቸውን አልተቀበለም። የሜንን ባለ መሬቶች ሥጋት አከብራለሁ፤ መፍትሔው ግን ከእገዳው ይልቅ ቨርጂንያ በ2014 የጀመረችበት የጽሑፍ ፈቃድ ይመስለኛል።

በቨርጂንያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል፦ “ከከተማ ወጣ ያለ መሬት ገዝተናል። ዙሪያው ጫካ ነው። 200 ያርዱ ከአጥራችን ነው ወይስ ከሕንጻው የሚለካው? የእኛ ቅዳሴ ደግሞ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀመረው።”

የሕጉ ቃል ርቀቱን የሚያያይዘው ከአምልኮ ቤቱ ጋር ነውና፣ አጥራችሁ ሰፊ ከሆነ ከአጥሩ ውጭ ያለው አዳኝ በሕግ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ቅዳሴያችሁ ላይ ሊሰማ ይችላል። ሰሜን ካሮላይና እሑድን በ2015 ስትከፍት በጠመንጃ ለሚያድኑ ርቀቱን 500 ያርድ አድርጋ፣ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 6፡30 ድረስ ተኩስን ከልክላለች። ያ ሰዓት የተመረጠው የፕሮቴስታንቶችን የአምልኮ ጊዜ እያሰቡ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሌሊት በማኅሌትና በኪዳን ለሚጀምር፣ አጋዘን በብዛት በሚንቀሳቀስበት ንጋት ላይ ለሚቀድስ ምእመን ግን አይጠቅመውም። ስለዚህ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ኦክቶበር ላይ፣ ከሰበካው ሁለት ሰዎች በዙሪያችሁ ያሉትን ባለ መሬቶች ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ፤ የአገልግሎት ሰዓታችሁንና ሕፃናት የሚሮጡበትን ሜዳ በካርታ ያሳዩአቸው። በቨርጂንያ በግል መሬት ላይ እሑድ የሚያድነው ሁሉ ከእነርሱ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ስላለበት፣ “እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አይተኮስም” የሚለውን ቃል በፈቃዱ ወረቀት ላይ ማስገባት የሚችሉት እነርሱ ናቸው።