የፒሲአር ቁጥር ከምን ጋር ሲተያይ ነው መጠን የሚሆነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ከአራት ኪሎ ሆኜ የማነሣላችሁ ጉዳይ፣ በአንድ ናሙና ውስጥ ያለ የዲኤንኤ መጠን በብርሃን እንዴት እንደሚለካ ነው። በኮሮና ጊዜ ፒሲአር የሚለውን ስም ከተማው ሁሉ ለመደው፤ ሆኖም የሁላችንም ጥያቄ «አለብኝ ወይስ የለብኝም» የሚል ብቻ ስለነበረ፣ መሣሪያው ከዚያ የበለጠ እንደሚናገር ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ፒሲአር የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ በየዑደቱ እጥፍ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ ብናየው፣ ከብዙ የተነሣውም ከጥቂት የተነሣውም ናሙና ግብአቱ ተሟጥጦበት ተቀራራቢ መጠን ላይ ይቆማልና፣ ጭማሪውን በየዑደቱ መከታተል ግድ ይላል። ፕሮብ የሚባለው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የሚገባው ለዚህ ነው። በአንድ ጫፉ ብርሃን ሰጪ ቀለም፣ በሌላው ያንን ብርሃን የሚያፍን ሞለኪውል ተያይዞበታል፤ ሁለቱ ተቀራርበው እስካሉ ድረስ ቀለሙ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው። ታክ የተባለው ኢንዛይም አዲሱን ሰንሰለት እየገነባ ሲመጣ፣ መንገዱ ላይ የተጣበቀውን ፕሮብ ይቆራርጠዋል፤ ቀለሙም ከአፋኙ ተላቆ ያበራል። የኢንዛይሙ መገኛ በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ፣ በፍል ውሃ አጠገብ በተቆረቆረች ከተማ ለምኖረው ለእኔ ደስ ይለኛል።

ስክሪኑ ላይ የብርሃኑን ጭማሪ የሚያሳየው መስመር ለብዙ ዑደቶች ዝቅ ብሎ ይሄድና ሽቅብ ይነሣል፤ የተወሰነለትን ወለል የሚያልፍበት ዑደት ሲቲ ይባላል። አንዱ ናሙና በ20ኛው፣ ሌላው በ30ኛው ዑደት ቢያልፉ፣ እጥፉ ሳይጓደል ከሄደ፣ የመጀመሪያው የሁለተኛውን 1,024 እጥፍ ይይዛል። ቁጥሩ ሲያንስ መጠኑ ይበዛል ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሲቲን ራሱን እንደ መጠን መቁጠር ነው። ሲቲ 30 ስንት ቅጂ እንደሆነ የሚነግረን ስታንዳርድ ከርቭ የሚባለው የማነጻጸሪያ መስመር ነው፤ መጠኑ የታወቀ ዲኤንኤ አሥር አሥር እጥፍ እየተበረዘ ከናሙናው ጋር ይሠራል። እጥፉ ሙሉ ከሆነ በሁለት ተከታታይ ብርዞች መካከል 3.32 ዑደት ገደማ ይኖራል። ልዩነቱ ወደ 3.6 ቢሰፋ፣ ዑደቱ የሚያበዛው 1.9 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህች ትንሽ ጉድለት በ30 ዑደት ተጠራቅማ አምስት እጥፍ ያህል ታሳስታለች።

ስለዚህ አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት 27፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ በሌላ ላቦራቶሪ 29 ቢወጣለት፣ ቫይረሱ ቀንሷል ለማለት አልደፍርም፤ ከአፍንጫው የተወሰደው ናሙና ራሱ መጠኑ ይለያያል። የኤችአይቪ የቫይረስ መጠን ምርመራ ግን ከተለካ ደም ተነሥቶ፣ ከታወቀ መለኪያ ጋር ተስተያይቶ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ቅጂ እንዳለ ስለሚነገር፣ የአምናው ውጤት ከዘንድሮው ጋር ሊነጻጸር ይችላል።