መርከብ ላይ ጋባዥ መሆን

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ጠርሙስ ወይን ነው። ክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ ሽርሽር ስትሄዱ፣ ከቤት ይዛችሁት ስለምትገቡት፣ እራት ላይ ስለምታስከፍቱት ወይን።

«ሁሉ በሞላበት መርከብ ላይ መጠጥ ይዞ መግባት ምን የሚሉት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼም እንደዚያ ይሉኛል። አንዳንዱ እንደ ንፉግነት ያየዋል። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ ማዳኛ ዘዴ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። መርከብ ላይ ሁላችንም እንግዳ ነን። ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ሰው ያበላናል፣ ያጠጣናል፣ አልጋ ያነጥፍልናል። ለወጣት ደስ ይላል። ዕድሜ ልኩን ቤቱ ሰው ሲጠራ ለኖረ አባት ግን ይከብደዋል። ያቺ ጠርሙስ እሱን አንድ ምሽት ጋባዥ ታደርገዋለች።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ላንሳ፤ ደንቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ቲኬት ስትቆርጡ ክፍሉ አለበት፣ ምግቡ አለበት፣ የማታው ትርኢት አለበት። አልኮሉ ግን ብዙውን ጊዜ የለበትም። ትልቁ የመርከብ ኩባንያ ካርኒቫል ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ካስገባው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ ከቲኬት ውጭ የመጣ ነው። መጠጥ፣ ካዚኖ፣ ሽርሽር፣ ኢንተርኔት፣ የመሳሰለው። ከሲሶ በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ሻንጣችን ኤክስሬይ ሲገባ ጠርሙስ ለምን እንደሚፈለግ ግልጽ ነው።

ደንቡ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ዕድሜው ለደረሰ ሰው አንድ አንድ ጠርሙስ ይፈቅዳሉ። ወይን ወይም ሻምፓኝ፣ 750 ሚሊ ሊትር፣ ያልተከፈተ፣ መጀመሪያ በምትሳፈሩበት ቀን ብቻ። ከአሜሪካ ወደብ ስትነሱ ዕድሜው 21 ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ብትጠጡት ማንም አይጠይቃችሁም። ምግብ ቤት ይዛችሁት ከገባችሁ ግን 15 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ኮርኬጅ ይሉታል። ኖርዌጂያን «የፈለጋችሁትን ያህል ወይን አምጡ» ይላል፣ ግን በየጠርሙሱ 15 ዶላር ያስከፍላል፤ ክፍላችሁ ብትጠጡትም ያው ነው። ዲዝኒ ለቀቅ ያለ ነው፦ ለአንድ አዋቂ ሁለት ጠርሙስ ወይን ወይም ስድስት ቢራ፣ ያውም በየወደቡ። ውስኪና አረቄ ግን እነዚህ ኩባንያዎች ጋ አይታሰብም። መርከቡ ከሚቆምባቸው ደሴቶች ሮም የሚባለውን አረቄ ብትገዙ መርከቡ ተረክቦ ያስቀምጥላችኋል፤ የሚመለስላችሁ ጉዞው ሊያልቅ ሲል ነው። ዋጋውም ደንቡም ስለሚቀያየር የራሳችሁን መርከብ ከመሳፈራችሁ በፊት አንብቡ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ከልክላ በነበረበት ጊዜ፣ ለመጠጣት ብሎ መርከብ የሚሳፈር ሰው ነበር። «የትም የማይሄድ ጉዞ» የሚባል ነበር። መርከቡ ከአገሪቱ ውሃ ይወጣል፣ መጠጥ ቤቱ ይከፈታል፣ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። መርከብና መጠጥ እንግዲህ የቆየ ወዳጅነት አላቸው።

አሁን ወደ መጠጥ ፓኬጁ ልምጣ። በቀን የተወሰነ ትከፍላላችሁ፣ ያሻችሁን ትጠጣላችሁ። ለአንድ ሰው በቀን 70 እና 80 ዶላር መድረሱ የተለመደ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ብዙዎቹ ጋ፣ አንድ ክፍል ከሚያድሩት አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት። ካርኒቫል ላይ በ24 ሰዓት ከ15 በላይ የአልኮል መጠጥ አይሰጥም። አስራ አምስት! ማን ይደርስበታል? ግን ሰው ከፍሏላ፤ ገንዘቡን ለማውጣት ሲል ሳይጠማው ይጠጣል። ይሄን ሳይ ልቤ ይከፋል።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላው ደንብ ነው። በፓኬጅህ ለሌላ ሰው ማዘዝ አትችልም። ለራስህ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ በካርድህ።

ወንድሜ ለአባባና ለእማማ ፓኬጅ ገዝቶላቸው ነበር። ከልቡ ነው ያደረገው፤ ምንም እንዳይጎድልባቸው ብሎ። ከባልቲሞር ተነስተን ወደ ባሃማስ ስንሄድ አባባ ገና በመጀመሪያው ቀን ወዳጅ አበጀ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር፣ የፊላደልፊያ ሰው። ሁለቱም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወሬው ከዚያ ጀመረ። አባባ ባንኮኒው ጋ ሄዶ «ለእኔም ለእሳቸውም» አለ። መጠጥ ቀጂው ልጅ በትህትና «ጌታዬ፣ ይሄ ለእርስዎ ብቻ ነው» አለው። ለሰውዬው ለብቻው ከፍሎ ማዘዝ ይቻላል እኮ። ግን መርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም። የሰው ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከባንክ ካርድ ጋር ይያያዛል። የአባባ ሂሳብ የተያያዘው ከወንድሜ ካርድ ጋር ነበር። ለወዳጁ አንድ ብርጭቆ ለማዘዝ የልጁን ኪስ መንካት ሊኖርበት ነው።

አባባ ምንም አላለም። ሰውዬውን «ነገ እራት ላይ» ብሏቸው ተለያዩ።

እንደ እኔ ወላጆቻችሁን ወደ ውጭ ያመጣችሁ ይሄ ይገባችኋል። አገር ቤት እያለ ድፍን ሰፈር የሚጋብዝ ሰው፣ እዚህ መጥቶ በልጁ ቤት፣ በልጁ መኪና፣ በልጁ ካርድ ይኖራል። እኛ «ምን ጎደለህ?» እንላለን። የጎደለው መስጠት ነው።

አባባ ግን አንድ የራሱ ነገር ይዞ ነበር። ከአዲስ አበባ ዘመድ ያመጣለትን ጉደር። ቀዩን፣ የአዋሽ ወይን ጠጅን። ከዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ አባባ ያደገበት ጉደር ነው፣ አለቀ። በእጅ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎት ነበር። በር ላይ ፈታሿ አወጣችው፣ ማሸጊያውን አየች፣ መልሳ ሰጠችው።

በማግስቱ እራት ላይ የባቡር ሾፌሩንና ሚስታቸውን ከእኛ ጋር አስቀመጥናቸው። የሚያስተናግደን ፊሊፒናዊ ነበር፣ የሌይቴ ደሴት ልጅ። ጠርሙሱን በነጭ ናፕኪን ይዞ መለያውን ለአባባ አሳየው። ቡሹን ቀስ ብሎ ሳበው። ከዚያ ጉንጭ የማትሞላ ያህል ለአባባ ቀዳና ቆሞ ጠበቀ።

እኔ ላስረዳው አፌን ስከፍት አባባ ቀድሞኝ ብርጭቆውን አነሳ። ማስረዳት አላስፈለገም። እኛ ዘንድ ጠላም ሆነ ጠጅ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ቀምሶ ነው የሚሰጠው። አባባ ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እጁን ለጠርሙሱ ዘረጋ። አስተናጋጁ ትንሽ አመነታ። መቅዳት የእሱ ስራ ነው፤ አለቃውም በቅርብ ቆሟል። ግን የአባባን ፊት አየና ለቀቀለት።

አባባ ተነሳ። ጉልበቱን እያመመው፣ መርከቡ ቀስ እያለ እየተወዛወዘ፣ ጠረጴዛውን ዞረ። መጀመሪያ ለሴትየዋ፣ ቀጥሎ ለባቡር ሾፌሩ፣ ከዚያ ለእማማ። አክስቴ ጴንጤ ናት፤ ብርጭቆዋን በመዳፏ ከደነችው። አባባ አልተጫናትም። ከማሰሮው ውሃ ቀዳላት። እማማ «የእኔን ሙላው» አለችና ሁላችንም ሳቅን። አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ነው የሚወጣው። አንድ አንድ ደረሰን። ማንም አልሰከረም፣ ማንም ሁለተኛ አልፈለገም።

ከዚያ አባባ መረቀ። በአማርኛ ነው የመረቀው፤ እኔ ቁርጥራጩን ተረጎምኩላቸው። ሰውዬው በየመሃሉ «ኤመን» ይሉ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ። አባባ ለአስተናጋጁም ካልቀዳሁ አለ። ቆሞ ላስተናገደ ሰው ሳያቀምሱ መጠጣት ለእሱ ነውር ነው። ልጁ ስራ ላይ መጠጣት እንደማይፈቀድለት አስረዳ። ግን አልሄደም። እነሱ አገር ከኮኮናት ዛፍ ቱባ የሚባል መጠጥ እንደሚቀዳ፣ አባቱ ማለዳ ማለዳ ዛፍ ላይ ወጥቶ ፈሳሹን እንደሚያወርድ ነገረን። ሌይቴ ውስጥ የዛፍ ቅርፊት ይገባበታል፤ ቀላ ያደርገዋል። አባባ ይሄን ሲሰማ ስለ ጌሾ ጀመረ። ጌሾ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ማሩ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ። ልጁ ሌሎች ጠረጴዛዎች እየጠበቁት ስለ ጌሾ ሰማ። እነዚህ ልጆች ከቤታቸው ወጥተው ብዙ ወር መርከብ ላይ ነው የሚኖሩት። ስለ አባቱ የሚጠይቀው መንገደኛ ስንት ይሆን?

የ15 ዶላሩ ኮርኬጅ በወንድሜ ሂሳብ ላይ ገባ። ግን አባባ ሲነሳ ከጃኬቱ ኪስ ሃያ ዶላር አውጥቶ ልጁን ጨበጠው። ጉርሻ በጥሬ ገንዘብ መስጠት ይቻላል። ያ ሃያ ዶላር የራሱ ነበር።

ኮርኬጅ ዘረፋ ነው ለምትሉ፣ አልስማማም። ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፣ ወይኑን ሰው ይከፍትልሃል፣ ሰው ያጥብልሃል። መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን ትተህ የራስህን ነው ያመጣኸው። 15 ዶላር ከፍለህም ቢሆን መርከቡ ላይ ከሚሸጠው አብዛኛው ወይን ይረክስልሃል። እኔ የምጠይቀው ቅሬታ አይደለም፤ ይሄ በር እንዳይዘጋ ነው።

በሩን የሚዘጋው ደግሞ ማታለል ነው። የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ ቮድካ በቀለም ቀላቅሎ የሚያስገባ አለ። በውሃ ላስቲክ ሞልቶ ክዳኑን መልሶ የሚያጣብቅ አለ። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2015 የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ መሳፈርን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሁን አልኮል የሌለው በቆርቆሮ ወይም በካርቶን ብቻ ነው የሚገባው። ጥቂት ሰዎች በደበቁት ቮድካ የተነሳ ለልጇ ውሃ የምትይዝ እናት ተቸገረች። ይሄ እንደ ጉብዝና ሲወራ አልወድም። እባካችሁ እየሰማችሁኝ ያላችሁ አታድርጉት።

ከእኛው ሰው ደግሞ በቅንነት የሚያጠፋ አለ። በዚያው ጉዞ ላይ ያገኘነው አንድ ቤተሰብ ቤት የተጣለ ጠጅ በላስቲክ ሞልቶ መጥቶ በር ላይ ተወሰደበት። ለሰርግ ብለው የጣሉት ነበር፤ አዝኛለሁ። ግን ፈታሹን ምን ልበለው? ክዳኑ ማሸጊያ የለው፣ ላዩ ላይ ጽሑፍ የለው። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ያውቃል? ጠጅ መሆኑን እኛ በመዓዛው እናውቃለን፤ እሱ ማሽን ላይ የሚያየው ቢጫ ፈሳሽ ነው።

ይሄንኑ ነገር እማማ ከዚያ ወዲህ አልተወችውም። እሷ ጠጅ ጣይ ናት፤ የአባባ ጉደር ጠረጴዛ ዙሮ የእሷ ጠጅ መቅረቱ አልተዋጠላትም። ለገና እንደገና ልንሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ የሚታሸግ፣ መለያ ያለው የማር ወይን ይሸጣል። እማማ «ቤት እንደጣልኩት አይሆንም፣ ግን ይሁን» ብላ ሁለት ዓይነት አስገዝታኝ ቀምሳ አንዱን መርጣለች። የመርከቡ ደንብ «ወይን» ይላል፤ ስለ ማር አይናገርም። ስለዚህ ለደንበኞች አገልግሎት ጽፌ ጠይቄያለሁ፤ የጠርሙሱን መለያ ፎቶም አያይዤላቸዋለሁ። እሺ ካሉ ያንን ምሽት የምትቀዳው እማማ ናት። መልሱ እንደመጣ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።