ከአጨዳ በኋላ ይታረስ ወይስ ይቆይ? የአዳማ ዙሪያ ማሳና የአፈር እርጥበት

[ምስል፦ ታኅሣሥ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር የታጨደ የስንዴ ማሳ፤ ከብቶች ተሰማርተውበታል።]

ስንዴው ታጭዶ ተወቅቷል። በልጉ ካልመጣ ደህና ዝናብ የሚጠበቀው ሰኔ ላይ ነው። ታዲያ ይህ መሬት አሁኑኑ ይታረስ ወይስ ይቆይ?

ብዙ ገበሬ ቶሎ ማረስን የትጋት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ትጋቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ዝናብ በሚያጥርበት አገር ከማረስ በፊት አንድ ነገር መታየት አለበት፤ አፈሩ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ።

አንድ ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10,000 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲጥል 200,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። አዳማ አካባቢ በዓመት ወደ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ መጠኑ ለስንዴ አያንስም። የሚጎዳን አመጣጡ ነው። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል፤ አንድ ቀን ዶፍ ይጥልና ከዚያ ይጠፋል፤ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበትም ዓመት አለ። ሰብሉን በድርቁ ሳምንታት የሚያቆየው አፈር ውስጥ የሰረገው ውሃ ብቻ ነው።

[ምስል፦ በአካፋ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በቅርብ።]

ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከላይ አራት ጣት ያህሉ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ከዚያ በታች ቀለሙ ይጠቁራል። ከታችኛው አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨበጥ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቆየ እርጥበት አለው፤ በጣቶቻችሁ መካከል ከፈሰሰ ግን ደርቋል።

ያ ደረቅ የላይ ንጣፍ ታዲያ ጥቅም አለው። ከሥሩ ያለው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይተን ይከላከላል። ማረሻ ሲገባ እርጥቡ አፈር ተፈንቅሎ ለበጋው ፀሐይና ነፋስ ይጋለጣል፤ የታረሰው ጥልቀት በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል።

ስለዚህ ማሳው ላይ አረንጓዴ አረም ከሌለ፣ በታኅሣሥና በጥር አለማረስ ይሻላል እላለሁ። አረም ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። አረም በሥሩ ከታች ያለውን ውሃ ስቦ ያወጣል፤ ደረቁ ንጣፍ አያግደውም። እሱን ፍሬ ሳይጥል መንቀል ወይም በስሱ ማረስ ለእርጥበቱም ይበጃል።

ከውጭ አገር ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ፣ ከአጨዳ በኋላ በጥልቀት የሚያርሱ ገበሬዎች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በምሥራቅ ዋሽንግተንና በኦሪገን፣ አንዳንዶች ይህን የሚያደርጉት ብርዱ ሲገባ አፈር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ መሬቱ ስለሚጠጥር ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በጠጠረው መሬት ላይ ተንሸራትቶ እንዳይሄድ መግቢያ ይከፍቱለታል። የአዳማ መሬት ግን በብርድ አይጠጥርም። ያ ምክንያት እዚህ የለም።

ከዚያው አገር የሚጠቅመን ሌላ ትምህርት አለ። ታላላቅ ሜዳዎች በሚባለው የአገሩ መካከለኛ ክፍል ለብዙ አሥርት ዓመታት የተደረገው ምርምር፣ ማረስ ሲቀንስና ገለባው መሬቱ ላይ ሲቀር አፈር የሚያከማቸው ውሃ እንደሚጨምር አሳይቷል። የእኛ ፈተና ገለባው የከብት መኖ መሆኑ ነው። የበሬውን ቀለብ መሬት ላይ ተዉት ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ በሬው ግን ሰኔ ላይ ማረስ አለበት። ሲታጨድ ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ የቀረውንም ከልቅ ግጦሽ በተቻለ መጠን መጠበቅ ይቻላል። ጥቂትም ቢቀር የዝናቡን ጠብታ ኃይል ያበርዳል፤ የአካባቢው ቀላል አፈር በጠብታ ተመትቶ ሲደርቅ ላዩ ቅርፊት ይሠራልና።

[ምስል፦ ማረሻ ትልም ሲያወጣ፣ ከጎን።]

የማረሻው ትልም ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነው። በሁለት ትልም መካከል ያልታረሰ መሬት ስለሚቀር ነው አቋርጦ ደጋግሞ ማረስ የሚያስፈልገው። ዓመት ከዓመት በአንድ ጥልቀት ሲታረስ ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ይፈጠራል። ከዝናብ በኋላ ቀጭን ብረት ወደ መሬት ግፉ፤ ገና ከማረሻው ጥልቀት ላይ ካቆመ ቆፍራችሁ አረጋግጡ። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ከሆነ ውሃው አልደረሰም፤ እርጥብ ሆኖ ከጠጠረ ግን ንጣፉን አግኝታችኋል። ሥርም ውሃም እዚያ ይቆማሉ።

የመጨረሻው እርሻ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሁን። ቁልቁል የወጣ ትልም ለጎርፍ መንገድ ይከፍታል። በመስመር ለሚዘራ በቆሎና ቦሎቄ ደግሞ ትልሙን በየተወሰነ ርቀት በአፈር ማሰር፣ ውሃው በየክፍሉ ቆሞ እንዲሰርግ ያደርጋል። እዚሁ አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በበሬ የሚጎተት የትልም ማሰሪያ ላይ ሠርቷል፤ መሣሪያው ባይገኝም በአካፋ ይሠራል።

ማሳችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን ትልሙን በአፈር ማሰሩ ይቅርባችሁ። መረሬ ውሃ ይዞ ያቆማል፣ ሥሩም ይታፈናል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ትርፉን ውሃ ማውጫ ቦይ ነው።