ኪሊማንጃሮን ለመውጣት ሲታሰብ፦ ሰውነትን ከከፍታ ጋር ማላመድ

[ምስል፦ ከሞሺ ከተማ የሚታየው ተራራ፣ ማለዳ]

በታንዛኒያ የሚገኘው የኪሊማንጃሮ ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ኡሁሩ ከባሕር ወለል በላይ 5,895 ሜትር ነው። የተለመዱት መንገዶች ገመድም ሆነ የቋጥኝ አወጣጥ ችሎታ ስለማይጠይቁ ብዙ ሰው ጉዞውን እንደ ረጅም የእግር መንገድ ብቻ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው «ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ አይበግረኝም» ሊል ይችላል። በ2,400 ሜትር ገደማ መኖር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠቅማል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ዋስትና አይሆንም። ጎበዝ ሯጭ መሆንም ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ በጉልበቱ የሚተማመን ሰው ፈጥኖ ከወጣ ይበልጥ ይጋለጣል።

ስለዚህ ከጫማና ከጃኬት ግዢ አስቀድሞ የጉዞውን ቀናት መቁጠር ይገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። በአምስት ቀን ወጥቶ መውረድ ወጪ ቢቀንስም ለሰውነት ጊዜ ስለማይሰጥ፣ እኔ የምመክረው ሰባት ወይም ስምንት ቀን የሚወስደውን ነው። በማቻሜ መንገድ ተጓዡ ላቫ ታወር ወደሚባለው፣ 4,600 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ቦታ ወጥቶ፣ ለመኝታ ወደ ባራንኮ ሰፈር ተመልሶ የሚወርደው ሰውነቱ እንዲላመድ ተብሎ ነው። አስጎብኚዎቹ በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ»፣ ቀስ በቀስ፣ እያሉ የሚደጋግሙትም ለዚሁ ነው። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት መላመዱን ሊያግዝ ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

[ምስል፦ የሌሊት ጉዞ፣ በግንባር ላይ የታሰሩ መብራቶች]

ከባራፉ ሰፈር ወደ ጫፉ ጉዞ የሚጀመረው እኩለ ሌሊት ገደማ ሲሆን፣ ብርዱ የሚከፋውም ያኔ ነው። ውሃ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ፣ ክዳኑ እንዳይዘጋ ኮዳውን ገልብጦ መያዝ ይረዳል።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ሕመሙ ሳይለቀው ከፍ ማለት የለበትም። ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሳንባው ውስጥ ውሃ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አንጎል ማበጡን ለመጠርጠር ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስጠጋ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ማድረግ። ከተንገዳገደ፣ ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ቢቀረውም፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ አለበት፤ ሲወርድም ብቻውን አይለቀቅም።