ከሰቃ የመጣው ቀርከሃ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ጅማ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሳያባራ እየዘነበ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከጀርባዬ ከተሰማችሁ ይቅርታ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንዲት ልጅ እጅና ስለ አንድ ቁራጭ ቀርከሃ ነው የማወራችሁ።

እንደምታውቁት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪምም መምህርም ነኝ። ሰሞኑን ለአካዳሚክ ዕድገት የሚሞላውን ቅጽ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ስንት ጽሑፍ አሳተምክ፣ በየትኛው መጽሔት፣ ስንት ሰው ጠቀሰህ ይላል። ኤች ኢንዴክስ የሚባል ቁጥርም አለ፤ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉህ ቁጥርህ 10 ነው። በውጭ አገር የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መምህራንን በዚህ ቁጥርና በሙያ ማኅበር ተሳትፏቸው የሚያወዳድሩ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። መለካቱ ክፉ ነው አልልም። ግን ቅጹን ስሞላ ከሐሳቤ አልወጣ ያለችው ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ የመጣች አንዲት ታካሚ ልጅ ነበረች፤ እሷን የምጽፍበት መስመር ደግሞ አጣሁ።

ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አፍንጫ ማሳመር ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መቅረጽ፣ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው፤ ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ዕቃ ሳይፈጠር በፊትም ነበር። እኛ ዘንድ የሚመጣው እሳት የበላው እጅ ነው፣ ከአንገት ጋር የተጣበቀ አገጭ ነው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ነው። (መሐል ላይ ይህን ልበል፦ ልጅ ሲቃጠል ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ አፍስሱበት። ኮልጌት፣ ሊጥ፣ ቅቤ እባካችሁ አትቀቡ።)

ልጅቷ 5 ዓመቷ ነበር። ገና ስትድህ እጇን ምድጃ ውስጥ ከታዋለች። ቁስሉ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ቆዳው ተኮማትሮ አራቱን ጣቶች መዳፏ ላይ አጣበቃቸው። ጡጫ ጨብጣ የምትኖር ነበር የምትመስለው። በትንሿ ጣቷ ላይ እንደ ገመድ የተወጠረ ጠባሳ ነበር፤ እሱን በእንግሊዝኛው ዜድ (Z) ፊደል ቅርጽ ቀድደን ቆዳውን አቀያየርነው። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ከሆነ የተወጠረው መስመር በስሌት እስከ 75 በመቶ ይረዝማል። ለቀሩት ጣቶች ከብሽሽቷ ቆዳ አንስተን ተከልን። ከዚያ ጣቶቹ ተዘርግተው እንዲቆዩ በጄሶ ደግፈን፣ ቀጠሮ ሰጥተን ሸኘናት።

የተተከለ ቆዳ መልሶ ይኮማተራል። ስለዚህ ድጋፉ ለወራት መታሰር አለበት። ክረምቱ ገባ፣ ቀጠሮው አለፈ፣ ልጅቷ አልመጣችም። በእውነት ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ቡና ከተለቀመ በኋላ አባቷ ይዟት መጣ። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀስ አድርጎ ፈታው። ከውስጥ ቀርከሃ ወጣ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ በቢላ የለሰለሰ፣ ውስጡ የነጠላ ቁራጭ የለበሰ፣ ለመዳፏ ልክ እንዲሆን በእሳት የጎበጠ። «ዶክተር፣ የእናንተው በዝናብ ሟሟ» አለኝ። «ወጌሻው ጋ ወሰድኳት። የጄሶውን ስብርባሪ አይቶ ይህን ሠራልን። ማታ ማታ እናስርላታለን።» ትንሿ ጣት ትንሽ ጎብጣለች። ሦስቱ ግን ቀጥ ብለዋል። የአባቷን አውራ ጣት ጨብጣ ለቀቀችው፤ ደግማ ጨበጠችው።

አብሮኝ የነበረው ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ጄሶው የሟሟባቸው ስንት ይሆናሉ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለምን እንዳልነበረኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ሆስፒታል ስሠራ የኦፕሬሽን መዝገቡን አገላብጬ ስለ ቃጠሎ ጠባሳ ጥናት ሠርቼ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ተጽፏል፣ የሐኪሙ ፊርማ አለ። ውጤት የሚለው ዓምድ ግን ገጽ በገጽ ባዶ ነው። የአብዛኛው ታካሚ ስልክ ቁጥር የለም። ከባዶዎቹ መስመሮች አንዳንዶቹ ሥር ያለው ፊርማ የራሴ ነው። ስንት ሰው እንደተሠራ ቆጥሬ ጻፍኩ፤ ታተመ። ዛሬ ቅጹ ላይ ይቆጠርልኛል። ስንት እጅ እንደተከፈተ ግን አይናገርም። ይህ ያሳፍረኛል።

የዘመናዊው ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው ሃሮልድ ጊሊስ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ሲሠራ፣ ሄንሪ ቶንክስ የተባለ ሠዓሊ ከጎኑ ነበር። ቶንክስ ራሱ በቀዶ ሐኪምነት የሠለጠነ ሰው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ፊታቸውን ይሥል ነበር። ጊሊስ የተማረውን እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ምርምሩ የበቀለው ከሕመምተኛው አልጋ ሥር ነው፤ የተሠራው ሰው በኋላ ምን ሆነ ብሎ ከመከታተል።

እኛ ደግሞ ጅማ ላይ ለዚህ የሚሆን መንገድ ከጥንትም አለን። በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ የጅማ መለያ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪዎች በቡድን ወደ ገጠር ወጥተው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። በጅማ ዙሪያ ወዳሉት ሰቃ፣ ዴዶና ማና ለሚወጣው ቡድን «እነዚህ ከእኛ የወጡ ታካሚዎች ናቸው፤ እጃቸውን እዩልን፣ ድጋፉ እንዳለ ጠይቁልን» ብለን ስም ዝርዝር ብንሰጥ ምን ይቸግረናል? የሚጻፍበት መጽሔትም ሩቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት እዚሁ ጅማ ነው የሚዘጋጀው።

የሙያ ማኅበር ሥራም እንዲሁ ነው። ድሮ ስብሰባ ሲባል የአበልና የሻይ ሰዓት ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። አገሪቱ ውስጥ ያለን የዚህ ሙያ ሰዎች ጥቂት ነን፤ እያንዳንዱ ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ በዘመቻ ቀዶ ሕክምና ይሰለፋል። ዘመቻው ሲያበቃ በእንግድነት የመጡት ሐኪሞች ይሄዳሉ፤ ቁስሉን የሚፈታው የኛ ሬዚደንት ነው። ሁላችንም የምንሞላው አንድ ዓይነት የክትትል ቅጽ ከሌለን የጅማው እጅ ከሌላ ከተማው ጋር አይነጻጸርም። ያንን ደግሞ አንድ መምህር ቢሮው ቁጭ ብሎ አይወስነውም፤ የሙያ ማኅበሩ ነው የሚያስማማን።

እስከዚያው መዝገባችን ላይ ሁለት ዓምድ ጨምረናል፦ የቤተሰብ ስልክና ቀበሌ፣ እና ከ6 ወር በኋላ ጣቶቹ የት ደረሱ የሚል። ሁለተኛውን እስካሁን የሞላነው ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው።

አባቷ ትናንት ደወለልኝ። ወጌሻው የፊታችን ሐሙስ ለገበያ ጅማ ይመጣል። ከገበያው መልስ ወደኛ ጎራ ሊል እሺ ብሏል። ሬዚደንቶቹ ቀርከሃ ገዝተዋል፣ ከሰልና ምድጃውን እኔ ከቤት አመጣለሁ። ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚያጎብጠው ያሳየናል።