የእንዶድ አረፋ ከባድ ብረቶችን ከውኃ እንዴት ያወጣል?

[ምስል፦ ወንዝ ዳር በእንዶድ የሚታጠብ ነጭ ጋቢ]

ተራኪ፦ እንዶድን የጎጃም ገጠር ጠንቅቆ ያውቀዋል። ፍሬው ሳይቀላ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ በውኃ ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ሳፖኒን በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የሟሙ፣ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችንም መያዝ ይችላል።

በጭቃ የደፈረሰ ውኃ ካደረ ይጠራል። የሟሟ እርሳስ ግን አይዘቅጥም፣ አይሸትም፣ በጨርቅም አይጠለልም። ማፍላት ለተዋህስያን እንጂ ለብረት መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ ብረቱ እዚያው ይቀራል።

[ሥዕል፦ የሳፖኒን ሞለኪውል]

የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ወገን ውኃን ይሸሻል፤ ስኳር የተያያዘበት ሌላው ወገን ውኃን ይወዳል። መጠኑ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ሸሺውን ወገን ወደ ውስጥ ሸሽገው ይሰበሰባሉ። ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። ብዙ ሳፖኒኖች አሲዳማ ጫፍም አላቸው፤ ጫፉ ሃይድሮጅኑን ሲለቅ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፣ አዎንታዊ ሙል ያላቸውን የእርሳስ፣ የካድሚየምና የመዳብ አዮኖችም (ሙል የያዙ የብረት ቅንጣቶችን) ይስባል።

ከዚያ ወዲያ ብረቱን ማውጣት ነው። ከገንዳው ሥር አየር ሲነፋ ሳፖኒኑ ብረቱን እንደያዘ ከአረፋው ጋር ይወጣል፤ አረፋውም እንደ ወተት ስልባቦት ይገፈፋል። አለበለዚያ ውኃው እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ በግፊት ያልፋል፤ ብቻውን ሾልኮ ያመልጥ የነበረው አዮን ሚሴሉ ላይ ስለተጣበቀ እዚያው ይቀራል።

ክሮሚየም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት (Cr III) አዎንታዊ ሙል ስላለው ይያዛል። እጅግ መርዛማው ክሮሚየም ስድስት (Cr VI) ደግሞ ከኦክስጅን ተጣምሮ አሉታዊ ሆኖ ስለሚገኝ ሳፖኒን አይስበውም፤ አስቀድሞ ወደ ክሮሚየም ሦስት መለወጥ አለበት።

[ምስል፦ የጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች]

አሁን አደራ የምለው ነገር አለ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር፤ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁትም ከዚያ ተነሥተው ነው። ያው ሳፖኒን ስንጥባቸውን እየጎዳ ዓሣዎችንም ይገድላል። ጣና ደግሞ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዓሣዎች መኖሪያ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ የተበከለ ወንዝ አጸዳለሁ ብላችሁ እንዶድ ወቅጣችሁ አትበትኑ! ብረቱን ከውኃው አያወጣውም፤ ይባስ ብሎ በደለል ላይ ተኝቶ የነበረውን ሊያስነሣው ይችላል። እንዶድ የነካው ውኃም አይጠጣም።

ሥራው የፋብሪካው ነው፤ ፍሳሹ ወንዝ ሳይነካ፣ በተዘጋ ገንዳ። በተሰበሰበው አረፋ ላይ አሲድ ሲጨመር ሃይድሮጅኑ የብረቱን ቦታ ይወስዳል፣ ብረቱም ተለይቶ ይወጣል፤ ሳፖኒኑን መልሶ መጠቀም ይቻላል። የቀረው ውኃ ወደ አባይ ከመለቀቁ በፊት ብረቱም ሳፖኒኑም በላቦራቶሪ ይለካል። ለንጽጽር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር ለእርሳስ 0.01፣ ለካድሚየም 0.003 ሚሊ ግራም ነው።